«ቅጂ ነው» የሚባለው ሪፍ፦ ግሩቭ ሜታል፣ ወጥ ሥራ እና የከተማ ዳርቻ ቀረጻ

የግሩቭ ሜታል፣ ማለትም በከባድና በሚወዛወዝ ምት ላይ የቆመ የሜታል ሙዚቃ፣ አልበም በወጣ ቁጥር አንድ ክስ አብሮት ይወጣል፦ «ይሄ እኮ የፓንቴራ ሪፍ ነው።» ሪፍ እየተደጋገመ የሚመጣ አጭር የጊታር ሐረግ ነው፤ ፓንቴራ ደግሞ የዘውጉ ታዋቂ የአሜሪካ ባንድ። በጀሞ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በላፕቶፕ ለሚቀዳ ሥራ ደግሞ ክሱ ይበረታል፤ ሙዚቃው ከውጭ የመጣ ነውና ገና በደንብ ሳይሰማ «ቅጂ ነው» ይባላል። ክሱ አንዳንዴ ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጣቱን የሚቀስረው በተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። አድማጩ የአምፑን (የጊታር ድምፅ ማጉያውን) ድምፅ ሰምቶ ሪፉን ይከሳል። ሪፉ የተሠራባቸውን ሁለት ሦስት ኖታዎች ቀድሞ ያውቃቸዋልና ተሰረቁ ይላል። ዋናውን ነገር፣ ምቱ የት የት ላይ እንደተቀመጠ፣ ሳይመረምር ያልፋል።

ክርክሩ ከዘውጉ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ፓንቴራ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1988 ባወጣቸው አራት አልበሞች በአብዛኛው የግላም እና የተለመደ ሄቪ ሜታል ባንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1990 «ካውቦይስ ፍሮም ሄል» ሲወጣ ሌላ ባንድ ሆኖ ብቅ አለ። በፌብሩዋሪ 1992 የወጣው «ቫልጋር ዲስፕሌይ ኦፍ ፓወር» ደግሞ እስከ ዛሬ የግሩቭ ሜታል መለኪያ ሆኖ ቀርቷል። የኒው ኦርሊንሱ ኤክስሆርደር የመጀመሪያ አልበሙን «ስሎተር ኢን ዘ ቫቲካን»ን ያወጣው በዚያው በ1990 ነው። የኤክስሆርደር ደጋፊዎች ሙግት የሚከተለው ነው፦ ባንዱ በ1980ዎቹ ዴሞዎቹን (ከአልበም በፊት የተሠሩ የሙከራ ቀረጻዎቹን) ሲያሰራጭ ቆይቷል፤ የፓንቴራ ድምፃዊ ፊል አንሰልሞም የኒው ኦርሊንስ ልጅ ነው፤ ስለዚህ አጨዋወቱ የተወሰደው ከዚያ ነው።

ይህ ሙግት ግማሽ መንገድ ድረስ ያስኬዳል። አልበም የወጣበትን ቀን ብቻ ይዞ «ማን ቀደመ» ማለት አያዋጣም፤ ዴሞ ከአልበም ዓመታትን ሊቀድም ይችላልና። የአንሰልሞ ጩኸትና ዘፈኑ በድንገት ግማሽ ፍጥነት ላይ የሚወድቅባቸው ቦታዎች ከኒው ኦርሊንስ ጋር ዝምድና እንዳላቸው ሁለቱን አልበሞች አከታትሎ የሰማ ሰው አይክድም። የጊታሪስቱ ዳይምባግ ዳሬል ቀኝ እጅ ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ያደገው በቴክሳስ ነው፤ አባቱ ጄሪ አቦት የካንትሪ ዘፈን ደራሲና የስቱዲዮ ባለሙያ ነበር። የቴክሳስ ብሉዝ ሦስት ሦስት እየተከፈለ የሚወዛወዝ ምት በሪፎቹ ውስጥ ገብቷል። ኤክስሆርደር ላይ የትራሽ (የፈጣኑ ሜታል) ሩጫው ያመዝናል፤ ፓንቴራ ላይ ያ ውዝዋዜ። ተጽዕኖ አለ፤ ቅጂ የሚለው ፍርድ ግን ሪፎቹ ሲፈተሹ አይጸናም።

«ዎክ» የተባለውን የፓንቴራ ዘፈን እንውሰድ፤ በዘውጉ ውስጥ እንደ እሱ የተኮረጀ ሪፍ ማግኘት ይከብዳል። ጊታሩ አንድ ሙሉ ድምፅ ያህል ዝቅ ብሎ ተቃኝቷል፤ ወፍራሙ ክር ሬ ላይ ነው ማለት ነው። የሪፉ አጥንት ክፍት ክርና አንደኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ያለው የመጀመሪያው መለያ) ነው፤ ከሬ ወደ ሚ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው ሚ)፣ ግማሽ ድምፅ ብቻ። ፍጥነቱ በደቂቃ 118 ምት አካባቢ ሲሆን አቆጣጠሩ 12/8 ነው፤ እያንዳንዱ ምት ሦስት ቦታ ይከፈላል። ታዲያ ከዚህ ውስጥ የፓንቴራ የግል ንብረት የቱ ነው? ሁለቱ ኖታዎች አይደሉም። ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ከፍ የሚለው እርምጃ የአምባሰል ቅኝት የመጀመሪያ እርምጃ ነው፤ ማሲንቆ ያነሳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። 12/8ም አይደለም፤ ብዙው ብሉዝ በእሱ ላይ ነው። የግላቸው የሆነው ከ12ቱ ክፍልፋዮች በየትኞቹ ላይ መተው፣ ክሩን የት መጎተት፣ መዳፍን የት ማንሳት እንደሚገባ የወሰኑት ውሳኔ ነው።

ስለዚህ አንድ ሪፍ ቅጂ መሆኑን ለማወቅ በአራት ንብርብር ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ምቱን ብቻ መውሰድ፦ በ4/4 የሆነን አንድ ባር (የአራት ምት አንድ ዙር) 16 ሳጥን አድርጎ ወረቀት ላይ መሳል፣ ጊታሩ በሚመታበት ሳጥን ላይ ነጥብ ማኖር፣ በዝምታው ላይ ባዶ መተው። 12/8 ከሆነ ሳጥኖቹ 12 ናቸው። የተጠረጠረውንና የተጠቀሰውን ዘፈን እንዲህ ጽፎ ጎን ለጎን ማስቀመጥ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ከክርክሩም ብዙው እዚህ ያልቃል። በ16 ሳጥን 65,536 ዓይነት አቀማመጥ ይቻላል፤ ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ስኔሩ (ስለታም ድምፅ የሚሰጠው ድራም) 5ኛውና 13ኛው ሳጥን ላይ ጸንቶ ሲቆምና እግር የሚያንቀሳቅስ ነገር ሲፈለግ የሚቀረው ጥቂት ነው። በአንድ ባር ብቻ መግጠም ምንም አያረጋግጥም። በአራት ተከታታይ ባር ከነዝምታው ከገጠመ ግን «አጋጣሚ ነው» ማለት ይከብዳል።

ከዚያ ኖታዎቹ ይመጣሉ፤ እነሱ ደካማ ማስረጃ ናቸው፣ ምክንያቱም ግሩቭ ሜታል በሁለትና በሦስት ኖታ የሚሠራ ነው። ሦስተኛው ንብርብር የጊታሩና የስኔሩ ግንኙነት ነው፦ ጊታሩ ከስኔሩ ጋር ይመታል? ከእሱ በፊት ይቆማል? ወይስ አልፎት ይሄዳል? የባንድ ጠባይ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው የመሣሪያው ድምፅ ነው፤ አድማጭ ቶሎ የሚይዘው እሱን ነው፣ ለፍርድ ግን ከሁሉ ያነሰ ክብደት አለው። ለመፈተሽ ቀላሉ መንገድ ሪፉን ያለ አምፕ፣ ያለ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ኢፌክት)፣ በአኩስቲክ ጊታር ወይም በእጅ ጭብጨባ መጫወት ነው። መመሳሰሉ ጭብጨባው ላይም ካለ እውነተኛ ነው። ዲስቶርሽኑ ሲነሳ አብሮ ከጠፋ የተመሳሰለው አምፑ እንጂ ሙዚቃው አልነበረም።

የአማርኛ አድማጭ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ትዝታን የዘፈነ ድምፃዊ ሁሉ ቅኝቱን ከሌላው ወስዷል፤ ከስንኞቹም ብዙዎቹ የጋራ ናቸው። ማንም ግን አንዱን የሌላው ቅጂ ነው አይልም፤ ጆሮው የሚመዝነው ድምፁ የት እንደሚዘገይ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ፣ ስንኙ ከክራሩ ቀድሞ እንደሚገባ ወይም እንደሚከተል ነው። ይህ ጆሮ ለሜታልም ይሠራል፤ በእንግዳ ድምፅ ተጋርዶበት ነው እንጂ።

ከዳርቻው የሚወጣው ሥራ ለምን ይመሳሰላል?

በቤት ውስጥ በሚቀዱ ሥራዎች ላይ እውነተኛ ችግር አለ፤ ሪፍ መስረቅ ግን አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ከግድግዳው ነው። የኮንዶሚኒየም ክፍፍል በአብዛኛው ብሎኬት ነው፤ ድራም ከጎረቤት ጋር አያኗኑርም። በጆሮ ማዳመጫ የሚሠራው የኤሌክትሮኒክ ድራም እንኳ የኪክ (በእግር የሚመታው ድራም) ፔዳሉ ወለሉን እየደበደበ ለታችኛው ፎቅ ይሰማል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያሉ የግቢ ቤቶች ከጎረቤት ትንሽ ይሻላሉ፣ ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ ማይክሮፎን አያስከፍትም። ስለዚህ ድራሙ በኮምፒዩተር ይጻፋል፤ የሚወሰደውም ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ የድራም ፋይል ነው፣ በአብዛኛው 4/4፣ በአብዛኛው በተመሳሳይ የስኔርና የኪክ ናሙና። ጊታሩም በአምፕ ፋንታ በሲሙሌተር (አምፕን በሚያስመስል ፕሮግራም) ይገባል፤ ቅንብሩ ደግሞ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ነው፦ የ5150 ዓይነት አምፕ፣ ከፊቱ ቲዩብ ስክሪመር የተባለው የጊታር ፔዳል ድራይቩ 0፣ ሌቭሉ እስከ መጨረሻ፣ ከኋላው በሺዎች የሚጠቀሙበት የስፒከር ናሙና። ከዚያ ሁሉም ነገር ከኮምፒዩተሩ መስመር ጋር መቶ በመቶ ይገጣጠማል። አራቱንም በነባሪ ቅንብር የተቀበለ ሰው የቱንም ያህል የራሱን ሪፍ ቢጽፍ ሥራው የሰማነው ይመስላል።

ዳይምባግ በዚያ ዘመን ብዙ የሜታል ጊታሪስት የቱቦ አምፕ ሲመርጥ የራንዳል ትራንዚስተር አምፕ ይዞ ነው የቀዳው፤ ደረቅና ስለታም የሆነው ድምፅ ከዚያ ይመጣል። ቁም ነገሩ ራንዳል መግዛት አይደለም። በእጅ ያለው፣ ፋሽን ያልሆነው መሣሪያ የራሱ ጠባይ እንዳለው ማወቅ ነው።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችለው ብዙ ነው። ጊታሩን ምንጊዜም ያለ ኢፌክት፣ ንጹሑን ሲግናል መቅዳትና ማስቀመጥ፤ ድምፁ ነገ ሊቀየር ይችላል። ግራና ቀኝ ሁለት ጊዜ ከተቀዳ ጌይኑ (የዲስቶርሽኑ መጠን) ለአንድ ጊታር ከሚያስፈልገው መቀነስ አለበት፣ አለበለዚያ የመዳፍ አፈናው ይደፈናል፤ ምቱ ሲደፈን ደግሞ በዚህ ዘውግ የሚቀር ነገር የለም። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ለቤዝ ጊታርና ለኪክ መልቀቅ ይበጃል። የራስን የስፒከር ናሙና መሥራትም ይቻላል፦ ከ20 ኸርዝ እስከ 20,000 ኸርዝ የሚወጣ የ15 ሰከንድ ጠራጊ ድምፅ በአሮጌ ቴፕ ስፒከር ወይም በጊታር ካቢኔት አጫውቶ በማይክ መቅዳት፣ ከዚያ ወደ ናሙና በሚቀይር ፕሮግራም ማሳለፍ። የቴፕ ስፒከሩ ለብቻው ቀጭን ይሆናል፤ ከተለመደው ናሙና ጋር ሩብ ያህል ሲደባለቅ ግን ሌላ ቤት የማይገኝ የመሀል ድምፅ ይሰጣል።

ገመዱ ላይ የሚሰማው የመብራት ጉምጉምታም መታወቅ አለበት። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፤ ከእሱ ጋር 100 ኸርዝም ይሰማል። ሬ ላይ በተቃኘ ጊታር ወፍራሙ ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ሶል ነው፣ 98 ኸርዝ። ሁለቱ ሲገናኙ በሰከንድ ሁለት ጊዜ የሚወዛወዝ ድምፅ ይፈጠራል፤ ጊታሪስቱም «ቅኝቴ ጠፋ» ብሎ ክሩን ሲያጠብቅና ሲያላላ ይውላል። ምድር ገመድ በሌለው ሶኬት ላይ የተሰካ የላፕቶፕ ቻርጀር ዋነኛው ምክንያት ነው። መፍትሔው ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መቅዳት ነው፤ ኃይሉን ከላፕቶፑ የሚያገኝ የድምፅ ካርድ ከሆነ መብራት ቢጠፋም ቀረጻው አይቋረጥም።

ስለ መስመር መግጠም፦ በደቂቃ 110 ምት ላይ አንዱ ሳጥን 136 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ጊታሩ ከኪኩ ከ10 እስከ 15 ሚሊሰከንድ ሲዘገይ ሪፉ ይከብዳል፤ ሲቀድም ይቸኩላል። ኮምፒዩተሩ መቶ በመቶ ሲያስተካክል የሚጠፋው ይህ ነው። ማስተካከል ካስፈለገ ከ60 እስከ 70 በመቶ ይበቃል፤ ዝግጅቱ ቀኝ እጅን በሜትሮኖም ማሠልጠን እንጂ ማውዝ መጎተት አይደለም።

ቅኝቱን ማስገባት፣ ማስጌጥ ሳይሆን

«የራሳችንን እንጨምርበት» ሲባል የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ዘፈኑ መግቢያ ላይ ስምንት ባር ክራር ወይም ዋሽንት፣ ከዚያ ሁሉም ይጠፋና ከ1992 የመጣ ሪፍ ይቀጥላል። ይህ ወጥ ሥራ አይሆንም፤ ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንጂ። ቅኝቱ ሪፉ ውስጥ ሲገባ ግን የሜታሉን ሕግ ራሱን ያስለውጣል።

አምባሰል በሬ ሲሆን ኖታዎቹ ሬ፣ ሚ ቤሞል፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ቤሞል ናቸው፤ በወፍራሙ ክር ላይ 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8 ፍሬት። ጊታሪስቱ እንደለመደው በሁሉም ላይ ፓወር ኮርድ (ኖታውን ከአምስተኛው ድምፅ ጋር) ሲይዝ ይበላሻል። ክፍቱ ክር፣ 1ኛውና 5ኛው ፍሬት ላይ ችግር የለም፤ ከላይ የሚጨመረው አምስተኛ ድምፅ ላ፣ ሲ ቤሞልና ሬ ስለሆነ ቅኝቱ ውስጥ አለ። 7ኛው ላይ ግን ሚ፣ 8ኛው ላይ ፋ ይገባል፤ ሁለቱም ከአምባሰል ውጭ ናቸው፣ ጆሮም ወዲያው ወደ ተለመደው ሜታል ይመለሳል። በእነዚህ ሁለት ፍሬቶች ላይ ከአምስተኛው ይልቅ አራተኛውን መያዝ ያስኬዳል፦ ላ ከሬ ጋር፣ ሲ ቤሞል ከሚ ቤሞል ጋር። አንቺ ሆዬ ደግሞ የባሰ ጠንካራ ነው። ሬ፣ ሚ ቤሞል፣ ሶል፣ ላ ቤሞል፣ ሲ ሲሆን 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9 ፍሬት ላይ ይገኛል። እዚህ መነሻው ላይ የሚያዘው ፓወር ኮርድ ራሱ ቅኝቱን ያፈርሳል፣ ላን ያስገባልና። የሚሆነው ነጠላ ኖታ ወይም ሬን ከላ ቤሞል ጋር መያዝ ነው፤ ይህ ጥምረት በከፍተኛ ዲስቶርሽን ስለሚጨማለቅ ጌይኑ በጣም ዝቅ ማለት አለበት። ጌይኑ ሲወርድ ድምፁ ከሁሉም የፓንቴራ ተከታይ ይለያል፤ ያ ልዩነት የመጣው ከቅኝቱ ግዴታ ነው።

ክራር ከጊታሩ ጋር ከገባ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ በጆሮ የተቃኘ ክራር ከጊታር ፍሬት ጋር በትክክል አይገጥምም። ወይ ክራሩን ለዚያ ዘፈን በጊታሩ መቃኘት፣ ወይ ጊታሩ ክሩን ጎትቶ ወደ ክራሩ መሄድ ነው። ማሲንቆ ፍሬት ስለሌለው ይቀላል። በገናን በተመለከተ፣ ክሩና ድልድዩ መካከል የሚገባው እንዝራ የሚፈጥረው ነዛሪ ድምፅ ከዲስቶርሽን ጋር የሚገርም ዝምድና አለው፤ ሆኖም በገና የጸሎትና የጾም መሣሪያ ነውና ለሜታል መግቢያ ማስዋቢያ ማድረግ ተገቢ አይመስልም። የድምፁን ባሕርይ አጥንቶ በቤዝ ጊታር ላይ መፈለግ ይበልጥ ያስከብራል።

ከቅኝቱም በላይ ሀብቱ ያለው ምቱ ላይ ነው። የችክችካን 6/8 በ12 ሳጥን እንጻፈው። ኪኩ 1ኛውና 7ኛው፣ ስኔሩ 4ኛውና 10ኛው ላይ ይመታል። ጊታሩ በየሁለት ሳጥን ከመታ በ1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11 ላይ ይወድቃል፦ ከኪኩ ጋር ሁለት ጊዜ ይገናኛል፣ ከስኔሩ ጋር ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ሦስት በሁለት ላይ ሲሄድ የሚፈጠረው መጎተት ትከሻ የሚያውቀው ነው፤ ግሩቭ ሜታልም ከጥንቱ የሚፈልገው እሱን ነው። ጥንቃቄው ፍጥነቱ ላይ ነው፤ ሦስት ሦስት የሚቆጠረው ምት ከ120 ካለፈ መዳፉ ማፈን አይደርስለትም፣ ሪፉም ሩጫ ይሆናል። ከ85 እስከ 100 ባለው መጀመር ያዋጣል።

የብራዚሉ ሴፑልቱራ እ.ኤ.አ. በ1996 «ሩትስ»ን ሲያወጣ ከሻቫንቴ ሕዝብ ጋር ቀድቷል፣ ከበሮ መቺውን ካርሊንሆስ ብራውንንም ጋብዟል። አልበሙን የተለየ ያደረገው ግን የእንግዶቹ መኖር ብቻ አይደለም፤ የኢጎር ካቫሌራ የቶም ድራም አመታት ራሱ ተለውጧል፣ ሪፎቹም ለከበሮው ቦታ ለመልቀቅ ቀለዋል። እዚህም ሀገር ጃኖ ባንድ ሮክን ከቅኝት ጋር ሲያጋባ በድምፃውያኑ አዘፋፈን የደረሰበት ቦታ አለ። ከዚያ የከበደው ሙዚቃ ገና ያልሄደበት መንገድ ከበሮው ነው። አንድ ከበሮ፣ ሰፊውም ጠባቡም ፊት በየራሱ ማይክ፣ በመጠነኛ ምት፣ ከሰዓት በኋላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሊቀዳ ይችላል፤ ጎረቤትም ድራም ላይ የሚቆጣውን ያህል አይቆጣም።

ሕጉ የሚጠብቀውና የማይጠብቀው

ፍርድ ቤቶችም በዚሁ ጥያቄ ላይ ሲወላውሉ ታይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ «ብለርድ ላይንስ» የተባለው ዘፈን የማርቪን ጌይን ሥራ ተላልፏል ተብሎ ሲፈረድ ብዙ ሙዚቀኞች የደነገጡት ክሱ በአብዛኛው በዘፈኑ መንፈስና ግሩቭ ላይ የቆመ ስለመሰላቸው ነው። በ2020 ሌድ ዘፕሊን፣ በ2023 ኤድ ሺራን ተከሰው ሲያሸንፉ ግን ነፋሱ ዞረ፤ የጋራ የሆኑ የሙዚቃ ግንባታ ዕቃዎች የማንም እንዳልሆኑ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ሐሳብን፣ ዘዴንና ስልትን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ወጥ ሆኖ የተሠራና በጽሑፍ ወይም በቀረጻ የሰፈረ ሥራን ነው። ግሩቭ ሜታል እንደ ስልት፣ አምባሰል እንደ ቅኝት፣ ችክችካ እንደ ምት ለማንም የተዘጉ አይደሉም። አራት ባር ከነዝምታው የተጻፈ ሪፍ ግን ባለቤት ሊኖረው ይችላል።

መብቱ የሚገኘው ሥራው በመፈጠሩ ነው፤ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ክርክር ሲነሳ ግን የሚያስፈልገው ማስረጃ ነው። የኤክስሆርደር ደጋፊዎች ዛሬ የሚሟገቱበት ነገር ያገኙት ዴሞው ስለተረፈ ነው። አሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉ ዘፈን የሚያወጡ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች በመጡበት ጊዜ ደግሞ «ይህን ሰው ነው የሠራው» ማለትም ማስረጃ እየጠየቀ ነው። ለዚህ የሚበጁት የፕሮጀክቱ ፋይል ከየቀኑ ስሪት ጋር፣ ያለ ኢፌክት የተቀዳው ጊታር፣ የተሳሳቱት ቀረጻዎችና በስልክ የተቀዳው የመጀመሪያ ሐሳብ ናቸው። ከላፕቶፑ ሌላ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ አንድ ቅጂ፣ ሌላ ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለተኛ ቅጂ ይቀመጥ። የመብራት መቆራረጥ የድሮውን ሃርድ ዲስክ ስለሚጎዳ ፕሮግራሙ በየሁለት ደቂቃው ራሱን እንዲያስቀምጥ ማድረግ፣ ዲስኩንም ሥራ ሲያልቅ መንቀል ይገባል። የባንዱ አባላት የትኛውን ክፍል ማን እንደጻፈው ዘፈኑ ባለቀበት ቀን በወረቀት ላይ ፈርመው ቢያስቀምጡ ደግሞ አልበሙ ከተሰማ በኋላ በመካከላቸው ሊነሳ የሚችለውን ክርክር ያስቀራል።